ኦርቪል ደግ የሆነበት ሳምንት

ኦርቪል ታድሎክ ሰው ሲያመሰግን ሰምቼ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ቤቴ ይመጣል፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ ይዘፈዘፋል፣ ትኩስ ዳቦዬን በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና «ዋይኔል፣ ይሄን ለቤት መሠረት ነው ወይስ ለሰው ነው ያዘጋጀሽው?» ይለኛል። ከዚያ ሦስት ይበላል። እኔም የማምነው አፉን ሳይሆን ሳህኑን ነው። ሚስቱን ኡናን እንኳ ያገባት «አንቺን የሚችል ሌላ ሰው ስላልተገኘ እኔው ልቻልሽ» ብሎ ነው። እሷም የተሻለ ቃል ብትጠብቅ ቆማ እንደምትቀር ስለገባት እሺ አለችው።

ሥራው ትራክተርና የሣር ማጨጃ መጠገን ነው። የተበላሸ ሞተር ይዛችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ እናንተን ይሰድባል፣ ቀጥሎ ሞተሩን፣ በመጨረሻ ሞተሩን የሠራውን ፋብሪካ። ስድቡ ሲያልቅበት ሞተሩ ተነሥቷል። ዝም ብሎ የሚሠራለት ሰው ካለ ያ ሰው ኦርቪል የማይወደው ሰው ነው። ይህን የማያውቅ በማዶክስ ፌሪ የለም።

ከተማችን ወንዝ ዳር ናት። ከወንዙ ወዲህ ሃርገት ኮሌጅ አለ፣ ከወንዙ ወዲያ ቶምቤክ ኮሌጅ። የሃርገት ልጆች ብርቱካናማ ይለብሳሉ፣ በቅሎዎቹ ነው የሚባሉት። የቶምቤኮቹ አረንጓዴ ለባሾች ደግሞ ኤሊዎቹ ናቸው። አያቶቻችን ሳይወለዱ ጀምሮ የኳሱን ወቅት የሚከፍቱት እርስ በርስ ተጋጥመው ነው። ኳስ ስል በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበትን ማለቴ ነው። አላባማ ውስጥ ኳስ ሲባል ሌላ ነገር የሚታየው ሰው መንገድ የጠፋው እንግዳ ብቻ ነው።

ከጨዋታው በፊት ያለው ሳምንት የስድብ ሳምንት ይባላል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቅሎና ኤሊ ደግ ቃል አይለዋወጡም። ነውር ነው። ፓስተር ሊንድል እንኳ፣ ኤሊ ናቸው፣ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለውን ስብከት ሁልጊዜ ከጨዋታው በኋላ ላለው እሑድ ያቆዩታል።

ኦርቪል በቅሎ ነው። ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊቱ የሚኖረው ሮስኮ ፔነል ደግሞ ኤሊ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አልተለያዩም፣ አልተስማሙምም። አንድ ዓመት ሮስኮ የኦርቪልን ፒካፕ ከፍቶ መሪው ሥር ትልቅ የወንዝ ኤሊ አስቀመጠለት። ኦርቪልም በዓመቱ እውነተኛ በቅሎ ተውሶ ከሮስኮ በረንዳ ላይ አሰረለት፣ በቅሎዋም የሮስኮን ሚስት የኒታን አበባ ሙልጭ አድርጋ በላች። ኒታ ኦርቪልን በጉልበቱ አንበርክካ አበባውን አንድ በአንድ ስታስተክለው መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ኦርቪል ከዚያ ቀን ወዲያ ኒታን ከማንም አብልጦ ይሰድባት ጀመር፣ ማለትም ከማንም አብልጦ ወደዳት።

ኒታ ባለፈው የጸደይ ወራት ሞተች።

ሮስኮ ከቀብሩ በኋላ ቁርስ ቤቴ አልመጣም። ሣሩ አደገ፣ መጋረጃው እንደተዘጋ ሰነበተ። የስድብ ሳምንት ሲደርስ በሰፈሩ በረንዳ ሁሉ ላይ ባንዲራ ተሰቀለ፣ የሮስኮ በረንዳ ብቻ ባዶውን ቀረ። ኦርቪል እሑድ ማታ ቆሞ ያንን ሲያይ ኡና ከኋላው መጥታ «ዘንድሮ ምላስህን ሰብስብ» አለችው።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ገና ልትል ነዋ! ሰውየው ልቡ ተሰብሯል። ነገ ጠዋት ኬክ እጋግርልሃለሁ፣ ይዘህ ትሄድና ደግ ደግ ቃል ትናገረዋለህ።»

«ምን የሚባል ደግ ቃል?»

ኡና አስባ አንድ አስጠናችው። ሌሊቱን ሲለማመድ አደረ ብላኛለች፣ ይህን እንኳ ሳትጨምርበት አትቀርም።

ሰኞ ጠዋት ኦርቪል ፀጉሩን አበጥሮ፣ የኮክ ኬክ ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረ። ሮስኮ በሩን ገርበብ አድርጎ ከፈተ፣ ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጅቶ ቆመ። ኦርቪል ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ኤሊዎቹ ዘንድሮ ጥሩ ቡድን አላቸው ይባላል። እንዲቀናችሁ እመኛለሁ» አለ።

የሮስኮ ፊት አመድ መሰለ። ኬኩን ተቀበለ፣ በሩን ዘጋ። ኦርቪል ተመልሶ ለኡና «ልቡን ነካሁት መሰለኝ» አላት። ደስ ብሎት ነበር፣ ምስኪን።

ማክሰኞ ጠዋት ሮስኮ ቁርስ ቤቴ ሲገባ ቡና ልቀዳ የያዝኩት ማሰሮ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከስቷል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። አልተቀመጠም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«ዋይኔል፣ እውነቱን ንገሪኝ። ኦርቪልን ምን አመመው?» አለኝ።

«ምንም አላመመውም።»

«አትደብቂኝ። ትናንት በሬ ድረስ መጥቶ እንዲቀናችሁ እመኛለሁ አለኝ። በስድብ ሳምንት! ፀጉሩንም አበጥሯል።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «አመል የሚለቀው ከነፍስ ጋር ነው። ሐኪም ቤት ሄዷል አይደል? ስንት ጊዜ ሰጡት?»

እንዳልስቅበት ሐዘኑ ያዘኝ፣ እንዳላዝንለት ሳቁ። ኡና ናት ያስጠናችው ልለው አፌን ስከፍት ወጥቶ ሄዷል። የሄደው ደግሞ ወደ ፓስተር ሊንድል ነው። ረቡዕ ማታ ፓስተሩ በጸሎቱ ስብሰባ ላይ «ከመካከላችን አንድ በቅሎ... አንድ ወንድማችን በከባድ ነገር ውስጥ ያልፋል» ሲሉ ስም አልጠሩም፣ ግን ሁሉም ዞሮ የኦርቪልን ባዶ ወንበር አየ። ሐሙስ ከቀትር በፊት የኡና ማዕድ ቤት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ባመጡት ዶሮ በሩዝ ተሞላ። ኡናም ምግብ ያመጣችውን ሁሉ «ምንድነው ነገሩ?» ብትል «አይዞሽ» ከማለት በቀር የሚመልስላት ጠፋ።

ኦርቪል የሰማው ጋራዡ ውስጥ ነው። የሣር ማጨጃ ያስጠግን የነበረ አንድ ኤሊ አቅፎት «ለልጆችህ መልካም ስም ትተሃል» አለው። ኦርቪል የያዘውን መፍቻ እንደያዘ ወጣና ቀጥ ብሎ ወደ ሮስኮ በረንዳ ሄደ። ከዚህ በኋላ ያለውን ኡና ነች የነገረችኝ፣ መስኮቷን ከፍታ አንድም ቃል አላመለጣትም።

«ማነው ሊሞት ነው ያለህ?»

«አንተ ነሃ!»

«እኔ መቼ?»

«እንዲቀናችሁ እመኛለሁ አላልክም? ጤነኛ ሰው እንደዚያ ይላል?»

«ኡና ናት ያዘዘችኝ! ለአንተ ብዬ ነው የተዋረድኩት! አሁን ከተማው ሁሉ እያቀፈኝ ነው!»

«ታዲያ አትሞትም?»

«አልሞትም!»

ሮስኮ ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ኡና ከመስኮቷ ሆና ይሳቅ ይልቀስ መለየት አልቻለችም። ከዚያ ቀና ብሎ «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ለጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ድሮም የላችሁም» አለ። ኦርቪል ከሰኞ ወዲህ ገና አሁን ደህና አየር ሳበ። አጠገቡ ተቀመጠ።

«ባንዲራህስ?»

«አልሰቅልም። ዘንድሮ አልሄድም።»

«ኤሊዎች እንደሚሸነፉ ገብቶህ ነው?»

ሮስኮ አልሳቀም። «ሁለት ትኬት ነው ያለኝ። እንደ ሁልጊዜው ኮሌጁ ሁለቱንም በፖስታ ላከልኝ። ቤት ውስጥ ያለውን ባዶ ወንበሯን ለመድኩት፣ ዞር ብዬ አልፈዋለሁ። እዚያ ግን ያ ሁሉ ሰው ተጨናንቆ ተቀምጦ አጠገቤ ያለችው አንዷ ወንበር ብቻ ባዶ ስትሆን... አልችልም ኦርቪል። ዘንድሮ ከቀረሁ ደግሞ ለከርሞም አልሄድም። ራሴን አውቀዋለሁ።»

 ለኦርቪል ስድቡ አልመጣለትም፣ ደጉን ቃል ደግሞ አንድ ጊዜ ሞክሮት ሰው ሊቀብረው ደርሶ ነበር። መፍቻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፣ ተነሣ፣ ሄደ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የኦርቪል ፒካፕ ከሮስኮ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ያምባርቅ ጀመር። ሮስኮ ሊሳደብ ወጥቶ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ኦርቪል ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሰውየው በጨዋታ ቀን ከብርቱካናማ በቀር ለብሶ አያውቅም፣ የሠርጉ ዕለት እንኳ ጨዋታ ስለነበረ ካልሲው ብርቱካናማ ነበር።

«ግባ» አለው። «እዚያች ወንበር ላይ እኔ እቀመጣለሁ።»

«ከኤሊዎች መካከል?»

«አፍንጫዬን ይዤ።»

እኔ የአባቴ ወገን ኤሊ ስለሆነ ያን ቀን ከኋላቸው ነበርኩ። ኦርቪል በአረንጓዴው መሃል ሲገባ ሰው ሁሉ ይጠቋቆም ጀመር። እሱ ግን ማንንም አላየም፣ የኒታን ወንበር በመሐረቡ ጠረገና ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ። ኳስ ያለ እሱ የማይታየውን የተቀቀለ ለውዝ እንኳ አልገዛም። በቅሎዎቹ መጀመሪያ ነጥብ ሲያገቡ ከማዶ ብርቱካናማው ወገን ሰማይን ሊቀደው ደረሰ፣ ኦርቪል ግን እጆቹን ከጭኑ ሥር ከትቶ ጫማውን ተመለከተ። ሮስኮም ቢሆን አልጮኸም። ኤሊዎቹ በተራቸው አግብተው በአንድ ነጥብ መሪ ሲሆኑ አጨበጨበ፣ ቀብር ላይ እንደሚያጨበጭብ ሰው። የተሰበሰበው ሕዝብ እየዘለለ ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ፎቶ እንደሚነሡ ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላ ሆኜ ተናደድኩ። ይኸው ደግሞ ደግነት ሊገድላቸው ነው አልኩ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀጭን የበቅሎዎቹ ልጅ ኳሱን ከራሳቸው ጫፍ ተቀበለ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሜዳው ባዶ ሆነለት። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ «ያዙት!» ይላል። የኦርቪል አንገት ቀላ፣ የደም ሥሩ ተገተረ፣ ቆቡን አውልቆ ነከሰው። ድምፅ ግን አላወጣም። ልጁ የነጥቡን መስመር ተሻገረ። በቅሎዎቹ መሩ።

«ኦርቪል» አለ ሮስኮ።

«እ?» አለ ኦርቪል ቆቡን እንደነከሰ።

«ለምን አትጮህም?»

«የኒታ ቦታ ነው እኮ።»

ሮስኮ ዞሮ አየው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

«ኒታ እዚህች ወንበር ላይ ዝም ብላ ተቀምጣ አታውቅም! ይሄ ጆሮዬ የደነቆረው በእሷ ጩኸት ነው! ዝምታ ቤቴ ሞልቷል፣ ኦርቪል፣ ከሱ ሸሽቼ ነው የመጣሁት። ዝም የምትለኝ ከሆነ ባዶዋ ወንበር በስንት ጣዕሟ!»

ኦርቪል ቆቡን ከአፉ አወጣ። ተነሣ። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ በዚያ ሁሉ አረንጓዴ መሃል ብቻውን ቆሞ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «በቅሎዬ!» ብሎ ጮኸ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ። የለውዝ ቅርፊት ከየአቅጣጫው ዘነበበት። ሮስኮም እንባው በጉንጩ እየወረደ ብድግ አለና፣ «ተቀመጥ አንተ ደንቆሮ፣ አታስደነብረኝ!» እያለ ከሁላችንም በላይ ጮኸበት። ሁለቱም አልተቀመጡም።