ውሃው የከፈለው ግቢ

ባለፈው ሐምሌ ከለገሃር ወደ ካዛንቺስ በሚኒባስ ስሄድ ጎርፍ መንገዱን ዘጋው። ረዳቱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ወርዶ ጥልቀቱን በእግሩ ሲለካ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ስልክ እያወራች «በቃ፣ ማለቴ፣ ውሃው ከየት እንደመጣ እንጃ!» አለች። እኔ ግን ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። መሬት አይቶ የውሃን መንገድ መለየት ያስተማሩኝ አንድ የግቢ ጠባቂ ናቸው።

ያኔ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የተቀጠርኩባት የሥነ ሕንፃ ቢሮ ካዛንቺስ ውስጥ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ነበረች፤ ከሥር የሚወጣው የትኩስ ዳቦ ሽታ ገና በጠዋቱ ያስርበን ነበር። አለቃዬ ጋሼ ሙሉጌታ ቁጡ ግን ቅን ሰው ነበሩ። ወደ ወንዙ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ለሚሠራ መዋዕለ ሕፃናት ፕላኑን አንቺ ንደፊ ሲሉኝ የምሆነው ጠፋኝ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። በበጋ አንድ ቀን ሄጄ ቦታውን አየሁት። ተዳፋቱን ቆርጬ፣ ደልድዬ፣ አንድ ረጅምና ቀጥ ያለ ሕንፃ አሳረፍኩበት። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ዝግባ ነበር። ይቆረጥ ብዬ በቀይ እርሳስ ሰረዝኩት። ፕላኑ ጸደቀ፤ ቁፋሮው ከመስቀል በኋላ እንዲጀመር ተወሰነ።

ነሐሴ ላይ የሕንፃው ጥግ የሚያርፍበትን ችካል ላስተክል ሄድኩ። አስተክዬ ስጨርስ የግቢው ጠባቂ አባባ ተክሌ የፕላኑን ወረቀት ተቀብለው አዟዙረው አዩት።

«ልጄ፣ ልጆቹ የሚተኙት የት ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ ነው አባባ፤ ከዛፉ በስተቀኝ።»

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «እንግዲያው ትንሽ ቆዪ። አይተሽ ትሄጃለሽ።»

ዝናቡ ሲጀምር የቆርቆሮ መጠለያቸው ሥር ተቀመጥን። የበቆሎ ጥብስ ከሁለት ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ ቢሮ ይጠብቁኛል። ቆርቆሮው ጆሮ እስኪያደነቁር ጮኸ። ከዚያ ከላይ፣ ከመንገዱ በኩል፣ ቀላ ያለች ቀጭን ውሃ እየተጠማዘዘች መጣች። ዓይኔ እያየ ሰፋች፣ ደፈረሰች፣ ድምፅ አወጣች። ዝግባው ጋ ስትደርስ ትገነድሰዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ከመሬት ወጥተው የተንሰራፉት ሥሮቹ ለሁለት ከፈሏት። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ወረደ፤ በመካከላቸው ሣሩ እንኳ ሳይነካ ቀረ። ቁልቁል ሄደው ወንዙ አፋፍ ላይ ተገናኙ። ጠዋት ያስተከልኳቸው ችካሎች አንድ በአንድ እየተነቀሉ ሲንሳፈፉ አየሁ። የልጆቹ መኝታ ክፍል የታቀደው ልክ የቀኙ ውሃ የሚያልፍበት ላይ ነበር።

በቆሎው አፌ ውስጥ ሳይታኘክ ቀረ። ባዶ ቦታ ያልኩት መሬት ስንት ክረምት ራሱን ሲያደላድል ኖሯል!

«ሁሌም እንዲህ ነው?» አልኳቸው።

«ይሄማ ትንሹ ነው። ዛፉ ባይኖር አፈሩም አብሮ ይሄድ ነበር።»

በማግስቱ ለጋሼ ሙሉጌታ ነገርኳቸው። ጠረጴዛውን መቱት። «የጸደቀ ፕላን! ለባለቤቶቹ ምን ልበል? ዘበኛ መከረን ልበል?»

«እሷ ተሳሳተች ይበሉ። ከፈለጉ ያባርሩኝ፤ ግን አንዴ መጥተው ይዩት።»

ሦስት ቀን አኮረፉኝ። በአራተኛው ሰማዩ ሲጠቁር ጃንጥላቸውን አንስተው «ተነሺ» አሉኝ። አባባ ተክሌ ጎን ጫማቸው እስኪረጥብ ቆሙ። ውሃው ዝግባው ጋ ሲከፈል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስንመለስ የቢሮው ደረጃ ላይ ቆም ብለው «እንደገና ሥሪው። ለባለቤቶቹ እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

ረጅሙን ሕንፃ ተውኩት። በሁለቱ ውሃዎች መካከልና ዳር፣ ተዳፋቱን ተከትለው ደረጃ በደረጃ የሚወርዱ ሦስት ትንንሽ ቤቶች ነደፍኩ። የውሃዎቹን መሄጃ ዳርና ዳሩን ድንጋይ አስለበስኩት። አባባ ተክሌ «እዚች ጋ ትንሽ ዞር ይበል፤ እዚህ ይታጠፋል» እያሉ ያርሙኝ ነበር።

መዋዕለ ሕፃናቱ በተከፈተ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ዶፍ በወረደበት ቀን ሄድኩ። መምህሯ ማስተማሯን ትታለች። ልጆቹ መስኮት ላይ ተደርድረው፣ ያ ሁሉ ሕፃን አንድም ድምፅ ሳያሰማ፣ ውሃው ዛፉ ጋ ተከፍሎ በግራና ቀኛቸው ሲያልፍ ያያሉ። ወለሉ ደረቅ ነበር። እኔም መሐላቸው ገብቼ አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነድፌያለሁ፤ ሲያጣድፉኝ እሺ ብዬ፣ መሬቱን በዝናብ ሳላየው የነደፍኩትም አለ፤ በዚያ አፍራለሁ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ፕላን ቅጂ አሁንም ቤቴ አለ። ሦስት ፊርማ አለበት፦ የባለቤቶቹ፣ የጋሼ ሙሉጌታና የእኔ። አባባ ተክሌ መጻፍ ይችሉ እንደሆነ እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።