በጤናዬ ህንድ ልሄድ ስል

በእኛ አገር ሰው ህንድ የሚሄደው ወይ ኩላሊቱ ሲደክም፣ ወይ ልቡ ሲታወክ፣ ወይ ደግሞ ሐኪሞቹ «እኛ የምንችለውን አድርገናል» ሲሉት ነው። ሰፈሩ ያዋጣል፣ ዘመድ ያለቅሳል፣ በሽተኛው ጋቢ ተከናንቦ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል። ድኖ የመጣም አለ፣ በሳጥን የመጣም አለ። ለሽርሽር የሄደ ሰው ግን ደብረ ታቦር ላይ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ልሁና አልኩ። ወይ እኔን!

ነገሩ የተጠነሰሰው አረብ አገር፣ ሰው ቤት ስሠራ ነው። የቤቱ ወጥ ሠሪ የደቡብ ህንድ ሴት ነበረች። የእኔ ሥራ አሮጊቷን መጦር ነበር፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ ቤት፣ እንደገና ወደ አልጋ፣ በጀርባዬ። አሮጊቷ ደግሞ ሲበሉ እንጂ ሲከሱ አይቻቸው አላውቅም። ወገቤ እዚያ ቀረ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከህንዷ ጋር የተግባባነው በጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋውን ገፋ ሳደርግ አየችኝና ሳቀች፤ ለካ እሷም ጾመኛ ኖራለች። አገራችንን ያጠመቀው ሐዋርያው ቶማስ ነው አለችኝ። ስንክሳር ሲነበብ «ህንደኬ» ሲባል እየሰማሁ ያደግኩት አገር የእሷ አገር መሆኑን ያወቅኩት እንግዲህ የሰው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ከዚያ ወዲያ እህት ሆንን። ሥራ ስንጨርስ እናቷ ከአገር ቤት የላኩላትን ቅባት አውጥታ ወገቤን ታሸኛለች። እናቷ በስልክ የሚጠይቁኝም ስለ ወገቤ ነበር። አይተውኝ እኮ አያውቁም።

ስታሸኝ ስለ አገሯ ታወራለች፣ በተሰባበረ አረብኛ። ተራራው ከላይ እስከ ታች ሻይ ተተክሎበት ጭጋግ ያለብሰዋል ትላለች። «እንደ ጉና ነዋ!» እላታለሁ፤ ጉና ላይ የሚለቀመው ብርድ ብቻ መሆኑን አልነገርኳትም። ሣር ክዳን ያለው ጀልባ አለ፣ ሰው እዚያው እየበላ እዚያው እየተኛ በረጋ ውኃ ላይ ይሄዳል። በበዓላቸው ዝሆን ሸልመው ያወጣሉ። ፊታቸውን አረንጓዴ የተቀቡ ወንዶች አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ በዓይናቸውና በጣታቸው ብቻ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ይጫወቱታል። «አገሬን ሳታዪ ከሞትሽ እጣላሻለሁ» ትለኝ ነበር።

ሁለታችንም በየአገራችን ገባን። እኔ ለእናቴ ቤቷን ቆርቆሮ አልብሼ፣ ለወንድሜ በሬ ገዝቼ፣ በተረፈችኝ ደብረ ታቦር ላይ ፀጉር ቤት ከፈትኩ። ኔትወርክ ሲኖር እንደዋወላለን፤ ሲጠፋ እንጠባበቃለን። እቅዳችን የተሠራው እንደዚያ እየተቆራረጠ ነው። ጊዜውን እኔ መረጥኩ፦ ሁዳዴ። የሰርጉ ሽር ጉድ ያልፋል፣ ፀጉር ቤቴ ጭር ይላል፣ ጾሙንም አብረን እንይዘዋለን። መንገዱን እሷ አወጣችው፦ መጀመሪያ እናቷ ቤት፣ ከዚያ ሻዩ ተራራ፣ ከዚያ ጀልባው፣ መጨረሻ ላይ ዝሆን ያለበት ጫካ። «ምግባችን ያቃጥላል» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔን! የደብረ ታቦርን ልጅ በበርበሬ!

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የእናቴ ምርቃት። አረብ አገር ስሄድ ደላላው ጎህ ሳይቀድ ነው የወሰደኝ፤ እናቴ ግንባሬን እንኳ አልሳመችኝም። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ሲገጥመኝ «ሳልመረቅ ወጥቼ ነው» እል ነበር። አሁን ለራሴ ደስታ ስሄድ «ሂጂ ልጄ፣ ደስ ይበልሽ» ብላ እንድትሸኘኝ ፈለግሁ። ከዚህ የበለጠ አልተመኘሁም።

ታዲያ ፎቶ ልነሳ ሄጄ የሰፈራችን ሴትዮ አገኙኝ። አፋቸው የማያርፍ ናቸው።

«ለምንድን ነው ፎቶው፣ የኔ ልጅ?»

«ህንድ ልሄድ ነው፣ እትዬ።»

«ውይ በሞትኩት!»

«ኧረ ለሽርሽር ነው!»

«አዎ የኔ እናት፣ ለሽርሽር ነው» አሉና ትከሻዬን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉኝ። እንባቸው ቅርር ብሏል።

ከአፍ የወጣ አፋፍ አይደል? በማግስቱ ደንበኞቼ «አንቺ ተቀመጪ፣ እኛው እንታጠባለን» ማለት ጀመሩ። አንዷማ ለረዳቴ «ይተላለፋል እንዴ?» ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። የእድሩ ዳኛ መጡና «መድኃኔዓለም ያውቃል» ብለው ተከዙ። «አባባ፣ እኔ እኮ ደህና ነኝ» ብላቸው፣ «በርቺ፣ እንዲህ ነው ጀግና» አሉኝ። ጤነኛ ነኝ ባልኩ ቁጥር በሽታዬ እየከበደ ሄደ።

ቅዳሜ እናቴና ታላቅ ወንድሜ ከአንበሳሜ ወዲያ ካለው ቀበሌያችን ከች አሉ። እናቴ ጠበል በጀሪካን ይዛለች። ከስታለች። ለእመቤታችን በግ ተስላ፣ ደብሩን በሙሉ አስለቅሳ ነው የመጣችው። ወንድሜ ቆብ እንኳ ሳያወልቅ ፊቴ ቆመና «አንዱን ኩላሊቴን ውሰጂ» አለኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ አንጀቴ አረረ። ይሄ ሰውዬ አረብ አገር ሳለሁ ስልክ ስደውልለት በሬው ጥርሱን መጨረሱን ነው የሚነግረኝ፤ «እንዴት ነሽ» ብሎ መልሱን ሳይጠብቅ! አሁን ኩላሊት!

«ተቀመጡ» አልኳቸው። «ጤነኛ ነኝ። ጓደኛዬ ጋ ልሄድ ነው። ተራራ አያለሁ፣ ጀልባ እሳፈራለሁ፣ ዝሆን አያለሁ፣ ተደስቼ እመጣለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ዝሆን?» አለ ወንድሜ።

«ዝሆን።»

ወደ እናቴ ዞረ። «ሰማሽ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የእኔ ልጆች ጫማ ሳይኖራቸው እሷ ዝሆን ልታይ ባሕር ትሻገራለች!» ቅድም ኩላሊቱን የሰጠኝ ሰው ነው እንግዲህ። ልመልስለት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። አልጮኸችም። ነጠላዋን እየጠቀለለች፣ ወለሉን እያየች ነው የተናገረችው።

«እኔ ስንቱ ፊት አለቀስኩ። ቄሱ ስምሽን በቅዳሴ አነሡ። አሁን ‹ልጄ ለጨዋታ ነው የሄደችው› ልበላቸው? ታመሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ታመመች ብሎ ያለቀሰልኝ ሰው ሁሉ ደህና በመሆኔ ሊቆጣኝ ነው ማለት ነው። በእኔ ቤት ሴት ልጅ ባሕር የምትሻገረው ልትሠራ ወይ ልትታከም ነው፤ ሦስተኛ ምክንያት አልተፈጠረላትም። ተናደድኩ፤ እንዲህ ተናድጄም አላውቅም። ሂዱልኝ ልል ነበር። ግን ፊቷን አየሁት፣ ግንባሬን ያልሳመችኝን ቀን አስታወስኩት፣ ወኔዬ ከዳኝ።

«እሺ» አልኳት። «ታምሜያለሁ። እንዳትጨነቁ ብዬ ነው የዋሸሁት።»

እናቴ ተወርውራ አቀፈችኝ። ከአረብ አገር ስመለስ እንኳ እንዲያ አላቀፈችኝም። «አውቄዋለሁ! አንጀቴ ነግሮኛል! ምንሽን ነው ልጄ?»

ኩላሊቴን ልል ነበር። አፌ ግን «ወገቤን» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሮጊቷን መሸከም ከጀመርኩ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አልኩ። «ስደውል ‹መቼ ትልኪያለሽ› እንጂ ‹ምን ያምሻል› ያለኝ አለ? አንዳችሁ?»

የመለሰልኝ ወንድሜ ነው። «ወገብ ነው እንዴ? ኩላሊት አይደለም? ተመስገን!» አለና ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ።

እናቴ መቀነቷን ፈትታ፣ ከሆዷ ላይ ገና ሙቀቱ ሳይወጣ፣ ወገቤን ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ። ጠበሉን አጠጣችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ። «ሂጂ፣ ማርያም ትከተልሽ፣ ድነሽ ተመለሽ» ብላ መረቀችኝ። «ደስ ይበልሽ» አላለችም። አፏን እያየሁ ጠበቅኩ፤ አልጨመረችም።

እዚያው እንደተቀመጥን ስልኬ ጠራ። ጓደኛዬ ናት።

«እናትሽ ፈቀደች?»

«ፈቀደች» አልኳት፣ በዚያው በአረብኛችን። «ታመምኩና ፈቀደች።»

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት በቋንቋቸው ሲናገሩ ይሰማል፤ እየተጣደፉ፣ ስልኩን አምጪው እንደሚል ሰው። ጓደኛዬ ተረጎመችልኝ፣ መለስኩላቸው፣ ስልኩ ተቆረጠ።

«ማን ናት የምትጮኸው?» አለች እናቴ።

«እናቷ ናቸው።»

«ምን ትልሻለች?»

ልዋሻት እችል ነበር፤ ዛሬስ ዋሽቼ የለ?

«ወገብሽ እንዴት ሆነ ነው የሚሉኝ» አልኳት።

እናቴ የጠበሉን ጀሪካን ክዳን እየደጋገመች አጠበቀችው። ክዳኑ ቀድሞውኑ ጠብቆ ነበር።