ዶሮውን የሚቀበል እጅ

በፈቃድ ሄዶ በቀጠሮው የተመለሰ ሰው ማንንም አልበደለም። ይህ ፍርድ በተማሩ ሰዎች ዘንድ ክርክር አይነሣበትም፤ ሊፎርድ ናማሎምባም ግማሽ ዕድሜውን ሲመራበት አንድ ቀን እንኳ ተጠራጥሮት አያውቅም።

ሊፎርድ ዞምባ ከተማ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የመምህራንና የተማሪዎች ልውውጥ ከተጀመረ ወዲህ ከዚያ ግቢ እንደ እሱ የተጓዘ የለም። ሉንድ አንድ መንፈቅ አስተምሯል፤ ፑኔ ተመላልሷል፤ ዊንድሆክን እንደ ጓሮው ያውቃታል። በሄደበት ሁሉ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ተመልሶ ሳምንት ሳይሞላው እግሩን ይበላዋል። እያስተማረ ዓይኑ ወደ መስኮቱ ይሸሻል፤ ምሳ ቀርቦለት ስልኩን ያገላብጣል፤ ሻንጣውም ቁም ሣጥን ገብቶ አያውቅም፣ በሩ አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይኖራል።

ታላቅ እህቱ እኒፋ፣ "አንተ እኮ ገዛ ቤትህ ውስጥ ታክሲ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው" ትለው ነበር።

የእኒፋ ልጅ ዚዮኔ የታጨችው በዚህ መካከል ነው። በአገራቸው ልማድ ልጅን የሚድር የእናት ወንድም ነውና ሊፎርድ የትዳሯ ዋስ ሊሆን ተገባው፤ እኒፋ ከእሱ በቀር ወንድም የላትም። የዋስ ሥራ ሲታይ ቀላል ነው። ከሙሽራው ዋስ ጋር ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዶሮ መለዋወጥ፤ ከወንዱ ወገን አውራ፣ ከሴቷ ወገን ቄብ። ዶሮዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፉ ጋብቻው ታሰረ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ጠብ ሲነሣ የሚጠሩት እነዚያው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በሌላ አይለወጡም።

የጋብቻው ቀን ቀደም ሲል ሊፎርድ ዊንድሆክ በመሄዱ ምክንያት አንድ ጊዜ ተላልፏል። የሙሽራው ዋስ ሽማግሌው ካንየንዳ፣ "ከመኸር በኋላ ያለችው ቅዳሜ ካለፈች ልጃችን ሌላ ቤት ይፈልጋል" ብለው ቁርጡን ተናግረው ሄደዋል። ዚዮኔ እጮኛዋን ዮሃኔን ትወደዋለች፤ ከዚያች ዕለት ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም።

ቅዳሜዋ ስትቃረብ የልውውጡ ቢሮ ኃላፊ ወይዘሮ ማካዋ ሊፎርድን አስጠሩት።

"ሊፎርድ፣ ጉድ ሆኜልሃለሁ። ወደ ፊንላንድ፣ ቱርኩ ከተማ የሚሄደው ሰውዬ እግሩ ተሰበረ። ሰው ካላገኘሁ..."

"እሄዳለሁ።"

"ኧረ ቆይ! መቼ እንደሆነ እንኳ አልነገርኩህም።"

ወይዘሮ ማካዋ ነገሩን ያስረዱት ከዚህ በኋላ ነው። ከዚህ በኩል መምህር ካልተላከ ፊንላንዶቹ በተራቸው ሊቀበሏቸው የነበሩት ሁለት ተማሪዎች ቦታቸውን ያጣሉ። ምክንያቱ እውነት ነበር። ሊፎርድ ግን እሺ ያለው ምክንያቱን ሳይሰማ ነው፤ በኋላ ሰው በጠየቀው ቁጥር የሚያነሣው ግን ሁለቱን ተማሪዎች ነበር።

ለእህቱ ሊነግራት ሲሄድ ደጃፏ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ዚዮኔ አጠገቧ ነበረች።

"ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፣ እትዬ።"

"ቅዳሜዋ ውስጡ አለችበት?"

"አለችበት። ግን በስልክ በምስል እገኛለሁ። ዛሬ እኮ ሚኒስትሮችም በስልክ ይሰበሰባሉ።"

"ሚኒስትሮቹ ዶሮ ይቀበላሉ?"

ሊፎርድ ሳቀ። እኒፋ አልሳቀችም። ዚዮኔ ከእጇ ላይ የበቆሎውን ገለባ እያራገፈች ቀና አለች።

"አጎቴ፣ አልሄድም ብትላቸው ያባርሩሃል?"

"ኧረ አያባርሩኝም።"

ልጅቱ ወደ በቆሎዋ ተመለሰች።

በቱርኩ ሥራው ያለ እንከን ሄደ። በዚያች ቅዳሜ ግን ጋባዦቹ እንግዶቻቸውን በመርከብ ደሴት ሊያስጎበኙ አሰቡ። ሊፎርድ ጉዳይ አለብኝ ብሎ ክፍሉ ሊቀመጥ ይችል ነበር፤ ማንም አይቀየመውም ነበር። እሱ ግን ከመርከቡም ሆኜ ደውዬ እገኛለሁ ብሎ ተሳፈረ። ሰዓቱ ሲደርስ ከመርከቡ ጠርዝ ወደ ጠርዝ እየተመላለሰ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣ መስመር ፈለገ። በመጨረሻ የእህቱ ግቢ ታየው። ስልኩን ቅርጫት አስደግፈው አቁመውት ስለ ነበር የምንጣፉ ጠርዝና የሰዎች እግር ብቻ ነበር የሚታየው።

"እንዴት ዋሉ፣ አባባ?" አለ።

"እግዜር ይመስገን" አሉ ካንየንዳ፤ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አስገቡ። "የት ነው ያለኸው? ነፋስ ይሰማኛል።"

"መርከብ ላይ ነኝ።"

"ዓሣ ልታመጣልን?"

ግቢው በሳቅ ሞላ። በዚያው ቅጽበት መርከቡ ጮኸ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? በሬም ገዝተሃል?"

ሊፎርድም ሳቀ፤ ነገሩ በቀልድ የሚያልፍ መሰለው። ከዚያ ሽማግሌው አውራ ዶሮውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ስልኩ ዘረጉ። በመስታወቱ ላይ ዶሮው ክንፉን ሲያርገበግብ ታየው።

"በል እንግዲህ፣ ተቀበለኝ።"

"እኒፋ ትቀበልልኝ፣ አባባ።"

"እኒፋ እናት ናት። እናት ለገዛ ልጇ ዋስ ትሁን? ነገ እነዚህ ልጆች ሌሊት ቢጣሉ ማንን ልቀስቅስ? ይሄን ስልክ?"

አሁን የሳቀ አልነበረም። ዶሮው ተዘርግቶ ቆየ። ሊፎርድ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ምስሉ ደረቀ፤ ድምፁም ጠፋ። ስልኩን እያራገፈ በሰው መካከል እየተጋፋ ሮጠ። ምስሉ ሲመለስ ስልኩን ሰው ቀና አድርጎት ነበር፤ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ቺምዋላ ነበር፤ በእናት በኩል የሩቅ ዘመዳቸው፣ በብስክሌት ሰው እያመላለሰ የሚኖር፣ ያን ቀንም እንግዶች አምጥቶ ለምሳ የቀረ። ጢሙን እንኳ አልተላጨም። አውራው በብብቱ ሥር ነበር፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ።

"ሃሎ! ሃሎ! እትዬ!" አለ ሊፎርድ። የሰማው የለም።

ከጋባዦቹ አንዷ የሾርባ ሳህን ይዛ መጣች። "ደኅና ነህ?"

"የእህቴ ልጅ ተዳረች።"

"እንኳን ደስ አለህ!"

አመሰገናት። ሾርባውን ግን ሁለት ማንኪያ እንኳ አልቀመሰም።

በቀጠሮው ቀን ዞምባ ገባ። ሁለቱ ተማሪዎች ሄደው ተምረው መጡ፤ ዩኒቨርሲቲው በስብሰባ ፊት አመሰገነው። በተከታዩ ዓመት ብርዱ ሲገባ ዚዮኔ ባሏን ትታ እናቷ ቤት ማደር መጀመሯን ከጎረቤት ሰማ። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እህቱ ቤት በረረ። ሲደርስ ባልና ሚስቱ በማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ካንየንዳና ቺምዋላ ፊት ለፊታቸው ናቸው።

ዚዮኔ ተነሥታ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ሰላም አለችው። "ግባ አጎቴ፤ ንሲማው ትኩስ ነው፤ ብላ።"

"ምን ሆናችሁ ነው?"

"ዋሶቻችን እያዩት ነው።"

ቺምዋላ አፍሮ ራሱን አከከ። "ዶክተር፣ ቦታው ያንተ እንደ ነበር አውቃለሁ። እኔም ለወጡ ብዬ ነበር የቀረሁት፤ ሽማግሌው ሲጣሩ ግን አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ሆንኩ።"

"እኔም ልቀመጥ፤ የእህቴ ልጅ ናት፣ ልጄ ናት..."

"ለሁለት ዋስ የሚነገር ነገር ለሦስተኛ አይነገርም" አሉ ካንየንዳ፤ ድምፃቸው ክፋት አልነበረበትም። "ግባና ብላ።"

ገባ። እኒፋ ንሲማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን አቅርባ ወጣች። ከውጭ ድምፆች ይሰሙታል፤ ቃላቱ አይለዩም። አንድ ጊዜ ዚዮኔ ስታለቅስ ሰማ። ተነሣ፤ በሩ ድረስ ሄደ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሣ። የሚሄድበት አልነበረም፤ የሚቀመጥበትም አልነበረም። ምግቡ ቀዘቀዘ።

ፈቃድ የሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነበር፤ ቀጠሮ የያዘውም ከዩኒቨርሲቲው ጋር። ዚዮኔ ግን ፈቃድ አልተጠየቀችም። ለእሷ ይገባት የነበረው ስጦታ ወይም ምክር አልነበረም። አጎቷ በዚያች ቅዳሜ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ሊዘረጋላት ይገባ ነበር፤ አልዘረጋም።