የትሩብኒኮቭ ገጽ

ካፒቶሊና ዬጎሮቭና በሩሲያዋ ኪኔሽማ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ መጽሐፍ ላይ ምላጭ አንሥታ አታውቅም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በአራተኛው ዓመት ግን ከበላይ ደብዳቤ ደረሳት። ከታላላቅ ሩሲያውያን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ገጽ 311 ተቆርጦ ይላክ ይላል። ገልጣ ስታየው የስንዴ ተመራማሪው የትሩብኒኮቭ ነው። ሰውየው የመንግሥት ጠላት ተብሎ ከታሰረ ወራት አልፈዋል።

ታውቀዋለች። ከጦርነቱ በፊት እዚሁ መጥቶ ለገበሬዎች ስለ ዘር አስተምሯል። ሲጨርስም ወንበሮቹን አብሯት ወደ ቦታቸው መልሷል።

ገጹን በምላጭ ቆርጣ ላከችው። ቤተ መጻሕፍቱ ግን መጽሐፉን በሁለት ቅጂ ነበር የያዘው። ሁለተኛውን የዕፅዋት አስተማሪው ያኮንቶቭ ተውሶታል። ስለዚያኛው ቅጂ ለበላዮቿ አልጻፈችም።

በሳምንቱ ዙዬቭ የሚባል ተቆጣጣሪ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ የመጻሕፍቱን መዝገብ ገለጠ።

«እዚህ ሁለት ነው የሚለው። የላኩልን አንድ ነው።»

«ሁለተኛው የለም።»

«የት ሄደ?»

መጽሐፍ የተዋሱ ሰዎች ካርድ ያለበት መሳቢያ ዙዬቭ ክንድ ሥር ነው። ጠፋ ብትል ማን እንደወሰደው ለማወቅ ካርዶቹን አንድ በአንድ ያያል።

«አቃጠልኩት» አለች።

ዙዬቭ ቀና አለ። «የመንግሥት መጽሐፍ?»

«በመጀመሪያው የጦርነት ክረምት። ቁስለኞች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተኝተው ነበር፤ እንጨት አልነበረንም። ምድጃ ውስጥ የገባው እሱ ብቻ አይደለም።»

ቁስለኞቹም፣ እንጨት ማጣቱም እውነት ነበር። የተቃጠሉት ግን ያረጁ ጋዜጦች ናቸው።

«ይጻፉት» ብሎ ወረቀት ገፋላትና መሳቢያውን ሳበ። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ካርድ ይገለብጣል። ካርዶቹ በሩሲያኛ ፊደል ተራ በስም የተደረደሩ ናቸው፤ የያኮንቶቭ መጨረሻ ላይ ነው። ግማሹን ሲያልፍ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ፈረመችና ወረቀቱን ካርዶቹ ላይ አኖረችለት።

«ፈርሜያለሁ፣ ጓድ ዙዬቭ።»

አነበበው። ለሪፖርቱ ጥፋተኛ ያስፈልገው ነበር፤ አገኘ። ሰዓቱን አየና መሳቢያውን ዘጋ። የሚሳፈርበት ባቡር ሊደርስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ተባረረች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ወለል ማጠብ ጀመረች። ያኮንቶቭ ወሬውን ሰምቶ ፊቱ አመድ መስሎ ቤቷ መጣ።

«ካፒቶሊና ዬጎሮቭና፣ ዛሬውኑ ላቃጥለው?»

«እኔ አቃጥዬው የለ እንዴ» አለችው። «አንድ መጽሐፍ ስንቴ ይቃጠላል?»

አስተማሪው መጽሐፉን የንብ ቀፎ ውስጥ ደበቀው። ትሩብኒኮቭ እስር ቤት ሞተ። ከሰባት ዓመት በኋላ ንጹሕ ነበር ተብሎ ስሙ ሲመለስ፣ ያኮንቶቭ ሳያማክራት መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍቱ አስረከበና የሆነውን ሁሉ ተናገረ። እሷ ይህን ስትሰማ አንድ ወር ሙሉ አኮረፈችው። መጽሐፍ አቃጠልሽ ብለው ያባረሯት ሰዎች፣ አሁን ደግሞ ሐሰት ፈረምሽ ብለው እንዳይመጡባት ፈርታ ነበር። በሩ ሲንኳኳ ትደነግጥ ነበር። ማንም አልመጣም፤ ወደ ሥራሽ ተመለሺ ያላትም አልነበረም።