መግል ያልቋጠረ እትብት

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ጽዱ» ይላታል። የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ዕድሜዋን በሙሉ የሰው እድፍ እንዳንገሸገሻት ኖራለች። ሰው በጠጣበት ብርጭቆ ውሃ አትቀምስም። አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ብረቱን የምትይዘው በመሐረብ ነው። ታናሽ እህቷ «አንቺ እኮ አንድ ቀን ራስሽንም ትጸየፊያለሽ» እያለች ትስቅባታለች።

ይህችው እህቷ ወንድ ልጅ ስትወልድ ልታርሳት ገባች። የሕፃኑ እትብት ግን ወር ሊሞላው ሲል እንኳ አልወደቀም። ጠቁሮ፣ ዙሪያው ቀልቶ፣ ረጥቦ ተንጠልጥሏል፤ ጠረኑ እንግዳን ከበር ይቀበላል። እትዬ ጽዱ አፍንጫዋን ሸፍና ትጠርገዋለች፤ ሮጣ መጸዳጃ ቤት ታስመልሳለች፤ አፏን ተጉመጥምጣ ትመለሳለች።

«መግል እኮ የለውም፤ ይድናል» አለች እናቱ።

«የሞተ አይጥ እየሸተተ ምኑ ነው የሚድነው? ተነሺ፣ ሐኪም ቤት!»

ሐኪሟ የደሙን ውጤት አሳየቻቸው። ነጭ የደም ሴሎቹ ከልክ በላይ በዝተዋል።

«ከበዙ ታዲያ ምን ጎደለው?» አለች እትዬ ጽዱ።

«መያዣ ነዋ፣ እህቴ። ነጭ ሴል ቁስል ያለበት ጋ ሲደርስ የደም ሥሩን ግድግዳ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ከዚያ እየያዘ እየለቀቀ ሾልኮ ይወጣና ቁስሉ ውስጥ ይገባል። የዚህ ልጅ ሴሎች መያዣ የላቸውም፤ ደሙ ጠርጓቸው ያልፋል። መግል ማለት እኮ ቁስሉ ጋ ደርሰው የሞቱት ናቸው። እሱ ጋ የደረሰ የለም።»

እትዬ ጽዱ እዚያው ተቀምጣ መግል መመኘቷ ራሷን አስጠላት።

ነጭ ሴል የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነውና የቤተሰቡ መቅኔ ተመረመረ፤ የሕፃኑ ታላቅ እህት መቅኔ ገጠመ። የእሱ በመድኃኒት ተደምስሶ የእሷ ተተካለት። በመድኃኒቱ አፉ ቆሳሰለ፣ ቆዳው ተላጠ፣ የጠጣው ሁሉ ተመልሶ ወጣ። እናቱ ስታለቅስ ዳይፐሩን የምትቀይረው እትዬ ጽዱ ነበረች።

«ኤጭ! ወተት ብቻ ጠጥቶ እንዲህ የሚገማ ሰው አይቼ አላውቅም!» ትለዋለች፣ ፊቷን አዙራ።

ወራት አለፉ። ልጁ መዳህ ጀምሮ ጣቱን ተጫረ፤ ጫፉ አብጦ ቢጫ ነገር ቋጠረ። እናቱ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ጮኸች።

«እቴ! መግል! ነይ እዪልኝ!»

ሐኪሟ በስልክ «እንኳን ደስ አላችሁ፤ ነጭ ሴሎቹ ቁስሉ ጋ ደርሰዋል ማለት ነው። ለማንኛውም አምጡትና ልየው» አለች።

እትዬ ጽዱ ጣቱን ይዛ በጥጥ ጠረገችው። ወፍራሙ መግል አውራ ጣቷ ላይ ተለቀለቀ። ምራቋን ዋጥ አድርጋ «ተመስገን… ኡፍ፣ ሲያስጠላ!» አለች።

ያን ቀን ምሳ አልበላችም።