በር ላይ የቀረው ጅብ

የአስፈሪ ታሪኮች ደራሲው አባባ ኃይለ ማርያም ሰማንያ ዓመት ሲሞላቸው ላሊበላ ላይ አንባቢዎቻቸው ድግስ ደገሱላቸው። ጥልፍ ሻጯ እድላዊት ከኋላ ተሸሽጋ ተቀምጣለች። ፊደል የለየችው በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ቀስ ብላ ማንበቧ እንዳይታወቅባት ትሳቀቃለች።

«አዲስ አንባቢ ከየትኛው ይጀምር? እስቲ አንቺ፣ እድሌ!» አላት መድረክ መሪው አሸናፊ።

እድላዊት እያመነታች ተነሣች። «ከ‹ኩልመስክ ጅብ› መጽሐፋቸው... እኔ ከመስከረም ጀምሮ ፊደሉን በጣቴ እየተከተልሁ እያነበብሁት ነው። ጅቡ እስካሁን በሩን ያንኳኳል። ሲመሽ መጽሐፉን ጎረቤት አሳድረዋለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ አንገቷን ደፋች።

ሽማግሌው ግን «ልጄ፣ ጅቤን ይህን ያህል ደጅ ያስጠናሽው አንቺ ብቻ ነሽ! በይ ነይ፣ ከበሩ ጀምረሽ አንብቢልን» አሏት።

እድላዊት ቃሉን አንድ በአንድ እያዘገመች ስታነብ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ታሪኩ ውስጥ በሩ ሲከፈት አሸናፊ ከወንበሩ ዘለለ።