እትዬ በላይነሽ በቴሌቪዥን የታዩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሲ.ኤም.ሲ ካለው ቤቴ ውሃ ጠፍቶ፣ ከአልጋ ሥር የጎተትኩትን ጀሪካን ክዳኑን ስከፍት የታፈነ የፕላስቲክ ሽታው ቢቀበለኝ፣ ብቻዬን ሳቅ አመለጠኝ። ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ በላይነሽ ትዝ ብለውኝ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ የነበረው የሰፈራችን ቦኖ ከደረቀ ወራት አልፎት፣ እኛ ሴቶች ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ዳገቱን እየወጣን ከምንጭ ስንቀዳ ወገባችን ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የቴሌቪዥን ሰዎች የሕዝቡን ችግር ሊጠይቁ ይመጣሉ ተባለና እትዬ በላይነሽ ተናጋሪ ሆነው ተመረጡ፤ የቀበሌውን ሊቀመንበር በስብሰባ መሀል «አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል!» ያሉ ብቸኛ ሰው እሳቸው ነበሩና። ሊቀመንበሩም «እማማ፣ ካሜራ ፊት የእግዜርን ስም እንዳይጠሩብኝ» ብሎ ከመለመን ሌላ የደፈረው ነገር የለም። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ቦኖው የሚሉትን ጮክ ብለው ሲለማመዱ በአጥር በኩል እንሰማቸው ነበር።

ቀኑ ሲደርስ፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ደረቁ ቦኖ በአመድ ተፈትጎ አብረቀረቀ፣ ሴቱ የዓመት በዓል ቀሚሱን ለበሰ፣ እኔና እህቴ በጠዋት ሦስት ጊዜ ተመላልሰን የቀዳነው ውሃም በእንግዶቹ እጅ ላይ ያለ ስስት ፈሰሰ። ካሜራ ያዡ ደስ ብሎት ሁሉንም ቀረጸ። ጋዜጠኛው ጎንበስ ብሎ፣ «እንደምን ነዎት እናቴ? ምን ችግር አለብዎት?» አላቸው።

«ተመስገን!» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ማን እንደሚመሰገን ሳይናገሩ። «ምን ጎድሎብን ልጄ! ይልቅ እናንተ ደክሟችኋል፤ ግቡ፣ እህል ቅመሱ።»

እንግዳን ደጅ አቁሞ ሮሮ መዘርዘር ነውር ስለሆነ፣ የቦኖውን ነገር ከምሳ በኋላ ሊያነሱት አስበው ነበር። እንግዶቹ ግን ሌላ ቀበሌ ይጠብቃቸው ስለነበር አመስግነው፣ መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

በቀበሌው አዳራሽ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ፊት ተጨናንቀን ውሃው ሲንቆረቆር፣ ቦኖው ሲያበራ፣ እትዬ በላይነሽ «ምን ጎድሎብን» ሲሉ ስናይ፣ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ጭብጨባው ሲበርድ ነው እሳቸው ራሳቸው ደረታቸውን ደቅተው «ወይኔ! ቦኖው!» ያሉት። ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ አልጠየቀንም። እሳቸውም ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እንስራ አዝለው ከእኛ ጋር ዳገቱን ይወጡ ጀመር፤ በ«ወይኔ! ቦኖው!» የሳቅንባቸው ልጆችም ስናያቸው መሳቁን ተውን።

ትናንት የውሃ ሠራተኛ በሬን አንኳኳ። ገና «እንደምን ዋሉ» ከማለቱ፣ ደጅ እንዳቆምኩት የሳምንቱን ሮሮ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩለት፤ እትዬ በላይነሽ ሳምንት ተለማምደው ያቃታቸውን እኔ ሳልለማመድ ተወጣሁት። ሰውየው ላቡን እየጠረገ ሰማኝና ሄደ፤ ውሃውም ማታውኑ መጣ።

ግባ፣ አረፍ በል እንኳ እንዳላልኩት ትዝ ያለኝ፣ ብርጭቆዬን ሞልቼ ስጠጣ ነው።